የአራስ ወራት ኪራይ

በእኛ ግቢ አንድ ደንብ አለ። የተከራይ ሚስት ከወለደች፣ ተነሥታ፣ ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታ፣ አምራ ገበያ እስክትወጣ ድረስ ኪራይ አንቀበልም። ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ ባለቤቴ ናት። እኔ ግንበኛ ነበርኩ፣ ክፍሎቹን ሠራሁ። ሕጉን የሠራችው እሷ ናት። ይህ ደንብ አንድ ጊዜ ቤታችንን ሊያስነጥቀን ደርሶ ነበር፤ የምጽፈውም ስለዚያ ነው።

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። አማርኛዬም የከተማ አማርኛ ነው፤ ወላይትኛው ይቀድመኛል። ስለዚህ እዚህም እዚያም ብስት እለፉኝ። አልቸኩልም፣ እናንተም አትቸኩሉ።

ግቢያችን ሶዶ፣ ወደ ኦቶና ሆስፒታል ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ከምንኖርበት ቤት ጀርባ በአንድ መስመር የተደረደሩ ስድስት ክፍሎች አሉ። ብሎኬቱን አንድ በአንድ ያስቀመጥኩት በእጄ ነው። የመጀመሪያዋን ክፍል ለመጨረስ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ፤ ገንዘብ ሲገኝ ሲሚንቶ ይጠፋል፣ ሲሚንቶ ሲገኝ ገንዘቡ አልቋል። ጉልበቴ ሲደክምና ግንባታ ስተው ኑሯችን ወደነዚህ ስድስት በሮች ዞረ። ሌላ ገቢ የለንም። ጡረታ የለኝም፣ የራሴ አለቃ ነበርኩና።

ሰዎች ቤት ያከራየ ሰው ተቀምጦ የሚበላ ይመስላቸዋል። ይምጡና ክረምት ከእኔ ጋር አንድ ሳምንት ይዋሉ። የአንዱ ጣራ ያፈሳል፣ የሌላው በር ከእርጥበት አብጦ አልዘጋ ይላል፣ ሽንት ቤቱ የሚሞላው ደግሞ ምንጊዜም እንግዳ ሲመጣ ነው። የመብራት ቆጣሪው አንድ ነው፣ ተካፋዩ ስድስት። አንዷ በኤሌክትሪክ ምድጃ ታበስላለች፤ አንዱ ስልክ ከመሙላት በቀር ምንም አያደርግም። ታዲያ ሁለቱ እኩል ክፈሉ ሲባሉ የሚነሣውን ጭቅጭቅ ከእኔና ከባለቤቴ በቀር የሚያውቀው የለም። ከሁሉ የሚከፋው ግን ባዶ ክፍል ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፣ የሆስፒታል ሠራተኛ ነው፣ ዝውውር ሲመጣ ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል። ክፍሏ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር ቁልፍ እንደተንጠለጠለባት ትቀመጣለች።

ባለቤቴ ደንቡን ያወጣችው በመጀመሪያዋ ተከራያችን ጊዜ ነው። ሴትዮዋ ወለደች፤ ወሩ ሲያልቅ እኔ እንደ ልማዴ ጉሮሮዬን እየጠራረግሁ ወደ በሩ ስሄድ ባለቤቴ በጋቢዬ ጫፍ ጎትታ አስቆመችኝ።

«ወዴት ነው?»

«ወሩ ሞልቷል እኮ።»

«ባሏ ዛሬ ቅቤ ገዝቶ ሲገባ አይቼዋለሁ። አሁን ኪራይ ብትቀበል የምትበላው የአራሷን ቅቤ ነው። እኔ ደግሞ የአራስ ቅቤ አልበላም።»

በእኛ አገር አራስ ንግሥት ናት። ትታጠባለች፣ ትቀባለች፣ አጥሚቱ በላይ በላይ ይመጣላታል፤ የእሷ ሥራ ተኝታ መወፈር ብቻ ነው። ባልየው ደግሞ በዚያው ልክ ይከሳል። ስለዚህ ተመለስኩ። ያች ተከራይ ሰባት ዓመት አብራን ኖረች። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ገባኝ፤ እኛ ግቢ የወለደ ሰው ቶሎ አይለቅም። የሦስት ወር ኪራይ ቀርቶብኝ ከባዶ ክፍል እድናለሁ። ባለቤቴ ይህን አስቀድማ ታውቅ እንደሆነ ጠይቄያት ነበር። «አንተ ብሎኬትህን ቁጠር» አለችኝ።

እንግዲህ ኋላ ፖለቲከኛ የሆነው፣ ነገሩን ያመጣብን ሰውዬ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ያኔ ፖለቲከኛ አልነበረም። ከገጠር፣ ከሃላሌ ወገን የመጣ፣ ቀጭን፣ ጫማው ሁልጊዜ ጭቃ የሆነ የግብርና ሠራተኛ ነበር። ሁለተኛዋን ክፍል ከአዲስ ሙሽራው ጋር ተከራየ። በዓመቱ ሴት ልጅ ወለዱ። ሚስቱ ጤናዋ ቶሎ አልተመለሰም፤ ስለዚህ ገበያ የወጣችው በአራተኛው ወር ነው። ጃንጥላ ተይዞላት፣ ቅቤው በግንባሯ እየወረደ፣ ሴቶቹ ከኋላ ከፊት እየዘፈኑ ስትወጣ ሰውየው ከሴቶቹ መሐል ገብቶ ዘለለ። ባለቤቴ «አንተ ነህ እንዴ የወለድከው?» ብላ ሳቀችበት። አራቱንም ወር ኪራይ አልተቀበልንም።

ከዚያ ነገሩ ሁሉ ወደ ላይ ሆነለት። ስብሰባ ላይ መናገር ይችላል፤ ወላይትኛውም አማርኛውም ከአፉ ይወርዳል። ቀበሌ ገባ፣ ከቀበሌ ከተማ አስተዳደር፣ ከዚያ የምክር ቤት ሰው ሆነ። ከግቢያችን ወጥቶ የራሱን ቤት ሠራ። ግን ኩራት አልያዘውም። መንገድ ላይ ካየኝ መኪናውን ያቆምና መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ሳሮ አባባ! ጣራው ዘንድሮም ያፈሳል?» ይለኛል።

የከተማውን የመሬት ጽሕፈት ቤት በሚመራበት ዓመት ካርታ ለሌላቸው ነባር ይዞታዎች ካርታ ይሰጥ ተባለና ሰፈሩ በሙሉ ተሰለፈ። እኔም ተሰለፍኩ። ባለቤቴ፣ «ልጅህ እዚያ ውስጥ ተቀምጦ አንተ ፀሐይ ላይ ትቆማለህ?» ብላ ተናደደችብኝ። አፍሬ አልገባሁም። ከጎረቤቶቼ ጋር ተመላልሼ፣ ተራዬን ጠብቄ፣ ከዓመት በኋላ ካርታዬን አገኘሁ። ከታች ያለው ፊርማ የእሱ ነው። የጎረቤቶቼም ካርታ ላይ ያለው የእሱ ነው።

ከዓመታት በኋላ ታሰረ። የሰማሁት ከባጃጅ ሾፌር ነው። «መሬት በልቷል» የሚሉ ነበሩ፤ «ወንበሩን የሚፈልጉ ናቸው ያሳሰሩት» የሚሉም ነበሩ። የትኛው እውነት እንደሆነ አላውቅም፤ አሁንም አላውቅም። እኔ የማውቀው ሁለተኛዋ ክፍል ውስጥ የነበረውን ሰው ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት ሁለት መርማሪዎች ወደ ግቢያችን መጡ። ትሑት ልጆች ናቸው። ቦይና፣ ጎደሬ የምትሉት፣ ተቀቅሎ ነበርና ከዳጣ በርበሬ ጋር አቀረብኩላቸው፤ «ሥራ ላይ ነን አባባ» ብለው አልበሉም። አንዱ ወረቀት ዘረጋ።

«እዚህ ይኖር ነበር አይደል? ምን ዓይነት ሰው ነው?»

በሆዴ፣ ይህን ልጅ ከገባበት ጭንቅ የማወጣው እኔ ነኝ አልኩ። ጥሩ ሰው እንደሆነ፣ እንደ አባትና ልጅ እንደነበርን ልንገራቸው ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

«እሱማ ልጄ ነው!» አልኩ። «የእኔና የእሱ ነገር የገንዘብ አይደለም። አራት ወር ሙሉ አንድ ብር ሳይከፍል እዚህ ኖሯል። እኔም አልጠየቅሁትም!»

የልጁ እስክሪብቶ ሮጠ።

«በነጻ?»

«በነጻ!» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

«የእርስዎን ካርታ የፈረመው እሱ ነው?»

«ታዲያ ማን ይፈርማል!»

አመስግነውኝ ሄዱ። እኔም ጥሩ ሥራ እንደሠራ ሰው ቦይናውን ብቻዬን ጨረስኩት።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ወረቀት መጣ። ከተከራዮቼ አንዱ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ እሱ አነበበልኝ። እያነበበ ፊቱ ተለዋወጠ። ካርታዬ ታግዷል። እኔ የዓቃቤ ሕግ ምስክር ሆኛለሁ። ፖለቲከኛው ከሌሎቹ ክሶች ጋር፣ በነጻ መኖሪያ ቤት ጥቅም አግኝቶ በምትኩ ካርታ ሰጥቷል ተብሏል።

«አባባ፣» አለኝ መምህሩ፣ ቀስ ብሎ፣ «ይህ ከተረጋገጠ ካርታዎ ሊሰረዝ ይችላል።»

«ሲሰረዝ ምን ይሆናል?»

«ግቢው የእርስዎ መሆኑ ይቀራል።»

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ስድስቱን በሮች አንድ በአንድ አየኋቸው። ባለቤቴ ከማጀት ወጥታ ነገሩን ስትሰማ ጩኸት ጠብቄ ነበር። አልጮኸችም።

«አንተ ሰውዬ፣» አለች፣ «ሰው ሲያመሰግን ቅቤ ይዞ ይሄዳል። አንተ ምስጋናህን ለፖሊስ ሰጠህ?»

መምህሩ ሳቁን መያዝ አቃተውና ወረቀቱን አፉ ላይ ጫነው። እኔም በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሐል ሳቅሁ። ከሳቅን በኋላ እሷ ነጠላዋን አደግድጋ ሥራ ጀመረች።

መጀመሪያ የፖለቲከኛው ሚስት ዘንድ ሄደች። ልጅቱ የተወለደችበት ቀን የተጻፈበትን የክትባት ካርድ አስፈለገቻት። ካርዱ፣ ጠርዙ ተበልቶ፣ ከሠርግ ፎቶ ሥር ተገኘ። ቀጥላ በግቢያችን የወለዱትን ሴቶች በሙሉ በስልክ ለቀመች። እኔ ስማቸውን እንኳ የረሳኋቸው ነበሩ፤ እሷ ግን ማን በስንተኛዋ ክፍል ወንድ ይሁን ሴት እንደወለደች፣ ምጡ ስንት ሰዓት እንደፈጀ ታስታውሳለች። ዘጠኝ ሆኑ።

የቀጠሮው ቀን ዘጠኙም ፍርድ ቤቱ በር ላይ ነበሩ። አንዷ በበዴሳ ከተማ እህል ነጋዴ ሆናለች፤ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጥታለች። አንዷ ከሰሜን መጥታ ኦቶና የምትሠራ ነርስ ናት። እርስ በርስ ከተገናኙ ዓመታት አልፈዋል፤ ስለዚህ ሰርግ ቤት እንደተገናኘ ሰው ተቃቅፈው፣ ልጆቻቸውን እያነጻጸሩ፣ «ያንተ ቁመት ከየት መጣ?» እያሉ ይጮኻሉ። ጥበቃው ሁለት ጊዜ መጥቶ «እናቶች፣ ፍርድ ቤት ነው» አላቸው። እኔ ግን ሌሊቱን በሙሉ አልተኛሁም።

ስገባ ዳኛዋ የሦስተኛዋ ልጄ እኩያ የምትሆን ሴት ናት። «በሚቀናዎት ቋንቋ ይናገሩ አባባ» አለችኝ። «እሺ ልጄ» ብዬ ደነገጥኩ፤ ዳኛ እንዲህ አይባልም ለካ። ዝም ብላ ጻፈች። ሰውየው ከጎን ተቀምጧል። ከስቷል። ያኔ ሚስቱ አራስ እያለች የከሳው አከሳስ ትዝ አለኝ።

ዓቃቤ ሕጉ ወጣት ነው፤ ከረባቱ አንገቱን የሚያንቀው ይመስላል።

«ተከሳሹ በቤትዎ በነጻ ኖሯል?»

«አዎ። አራት ወር።»

«ለምን?»

«ሚስቱ ወልዳ።»

«ሚስቱ የወለደችለት ሰው ሁሉ በነጻ ይኖራል?»

«በእኛ ግቢ፣ አዎ።»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ዳኛዋ ቀና ስትል ጸጥ አሉ።

«ታዲያ እርስዎ ከዚህ ምን ትርፍ ያገኛሉ?»

«ትርፍማ አለው!» አልኩ።

የዓቃቤ ሕጉ ዓይን በራ። የፖለቲከኛው ጠበቃ ግንባሩን በእጁ ያዘ። ባለቤቴን አላየኋትም፣ ግን እያየችኝ እንደነበር ጀርባዬ ነገረኝ።

«የወለደ ተከራይ አይለቅም» አልኩ። «ሰባት ዓመት፣ ስምንት ዓመት ይቀመጣል። ክፍል ባዶ ከሚሆንብኝ ሦስት ወር ባልቀበል ይሻለኛል። ደግሞም ግቢ ውስጥ ሕፃን ሲያለቅስ ጥሩ ነው። አንተ የት ነው የተከራየኸው ልጄ?»

«ጠያቂው እኔ ነኝ አባባ።»

«እሺ። ብቻ ጣራህ ሲያፈስ ስትጠራቸው ይመጣሉ?»

ልጁ ወረቀቱን አገላበጠ። ከንፈሩ ግን ሳቀ። «ጥያቄዬን ጨርሻለሁ» አለና ተቀመጠ።

ጠበቃው የክትባት ካርዱን አቀረበ። ዳኛዋ ልጅቱ የተወለደችበትን ቀን አነበበች፣ ከዚያ ካርታው የተፈረመበትን። በሁለቱ መሐል አሥር ዓመት አለ። በእነዚያ አራት ወራት ሰውየው የሚፈርመው ስለ ችግኝ ነበር፣ ስለ መሬት አይደለም። ዓቃቤ ሕጉ ግን ተነሥቶ፣ የአራስ ደንብ የሚባለው ለዚህ ክስ ሲባል አሁን የተፈጠረ ሊሆን ይችላል፣ ተከሳሹም ከዚያ በኋላ በነጻ አለመኖሩን የሚያሳይ ነገር የለም አለ። ልክ ነው፤ እኔ በደረሰኝ አልሠራም።

«ደንቡን የሚያስረዳ ምስክር አለ?» አለች ዳኛዋ።

«ዘጠኝ አሉ» አለ ጠበቃው።

«ሦስት ይበቃሉ።»

ልንጠራቸው ስንወጣ በር ላይ ጉድ ፈላ። ማን ይግባ? ሁሉም መናገር ይፈልጋል። የበዴሳዋ «ሥራዬን ትቼ፣ በሚኒባስ ታፍኜ መጥቼ ሳልናገር አልመለስም!» አለች። ባለቤቴ ለየች። የበዴሳዋን ከሩቅ ስለመጣች፣ ነርሷን አነጋገሯ ስለሚያምር መረጠች። ሦስተኛዋ ማን ትሁን ሲባል እጇን ወደ ጥግ ጠቆመች። እዚያ ብቻዋን የቆመች ሴት ነበረች። ጠዋት አላስተዋልኳትም ነበርና ሳያት ደነገጥኩ። በመብራት ሒሳብ ተጣልተን፣ ተሰዳድበን፣ በቁጣ ዕቃዋን ጭና የወጣች ተከራይ ናት። ሰላምታ እንኳ የለንም።

«እሷን?» አልኩ ለባለቤቴ። «እሷ ትቀብረኛለች።»

«እሷ ናት የምታወጣህ» አለችኝ።

የበዴሳዋና ነርሷ ጥሩ አድርገው ተናገሩ። ዳኛዋ ግን የወዳጅ ቃል እንደሆነ ገብቷት ነበር መሰለኝ፣ ብዙም አልጻፈችም። ሦስተኛዋ ገባች። ቃለ መሐላ ፈጸመችና ገና ሳትጠየቅ ጀመረች።

«ክብርት ዳኛ፣ እኔ ይህን ሽማግሌ አልወደውም።»

ዓቃቤ ሕጉ ከወረቀቱ ቀና አለ።

«ቆጣሪ አጥፍቶብኛል። የኤሌክትሪክ ምድጃ አለሽ ብሎ የሁለት ሰው አስከፍሎኛል። ውሃ በተራ ነው ብሎ በዓመት በዓል ቀን ባልዲዬን ከቧንቧው ሥር አንሥቷል።»

«እውነት ነው» አልኩ ከተቀመጥኩበት።

«አባባ፣ ዝም ይበሉ» አለች ዳኛዋ።

«ግን» አለች ሴትዮዋ፣ «ስወልድ ሦስት ወር ኪራይ አልተቀበለም። ባሌ በእጁ ሊሰጠው ሲል ሮጠ። እኔ ባለሥልጣን አይደለሁም፤ ሻይ ቤት ነው ያለኝ። ለእኔ የሚፈርምልኝም የምፈርምለትም የለም። ይህን ሰውዬ» አለችና ወደ ፖለቲከኛው ዞረች፣ «አላውቀውም። ስለ እሱ ምንም አልልም። ገበያ ከወጣሁበት ወር ጀምሮ ግን ሽማግሌው አንድ ቀን አላሳለፈልኝም፤ ወሩ ሲሞላ በሬ ላይ ነው። እሱን አውቀዋለሁ።»

ዳኛዋ በዚህ ጊዜ ጻፈች። ረጅም ጻፈች። ከጎን የተቀመጠው ፖለቲከኛም ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በጥርሱ ሳቀ፤ ወር ሲሞላ በር ላይ ስለመቆሜ እሱም ያውቃልና።

ውሳኔው ለሚቀጥለው ቀጠሮ ተላለፈ። እነዚያን ሳምንታት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አልጽፍም፤ በየማለዳው ተነሥቼ ግድግዳዎቹን በመዳፌ እነካ ነበር፣ ይኸው ነው። በቀጠሮው ዳኛዋ የእኔ ካርታ ከክሱ እንዲወጣ፣ እግዱም እንዲነሣ ወሰነች። የሰውየው ሌሎች ክሶች ግን ቀጠሉ። መጨረሻ ላይ ወደ እኔ አየችና «አባባ፣ ከእንግዲህ ስጦታዎንም በጽሑፍ ያድርጉት» አለችኝ። «እሺ ልጄ» አልኳት፣ እንደገና።

ከፍርድ ቤቱ ስንወጣ ሻይ ቤት ያላት ሴትዮ ቀድማ እየሄደች ነበር። ሮጬ ደረስኩባት፤ በእኔ ዕድሜ የሚሮጠውን ያህል ማለቴ ነው።

«ታረቅን?» አልኳት።

«የባልዲውን አልረሳሁም» አለች። ግን ዘጠኙንም ሴቶች፣ ልጆቹን፣ እኔንና ባለቤቴን ወደ ሻይ ቤቷ ወሰደችን። ሥጋ ተገዛ፣ ዳጣው ወጣ፤ ባለቤቴ ሴቶቹን እያስነሣች አስጨፈረቻቸው። እኔ ጥግ ተቀምጬ በላሁ። እንደዚያን ቀን የበላሁበትን ጊዜ አላስታውስም።

ከወራት በኋላ ሰውየው በዋስ ወጣ። ክሱ ገና አላለቀም፤ ቀጠሮ ይመላለሳል። አንድ እሑድ በእግሩ መጣ፣ መኪናዋ የለችም። ከባለቤቴ ጋር ተሳሳሙ፣ ሁለተኛዋን ክፍል በውጭ አየት አደረጋት። ከዚያ ከኪሱ ፖስታ አወጣ።

«አባባ፣ ይህ የዚያ የአራት ወር ነው። በእኔ ምክንያት ቤትዎን ሊያጡ ነበር። እባክዎ ይቀበሉኝ፣ ሌሊት እንቅልፍ እንዲወስደኝ።»

ፖስታውን አየሁት። ውሸት አልጽፍም፤ የአራተኛዋ ክፍል ጣራ እንደገና ማፍሰስ ጀምሮ ነበር፤ የቆርቆሮ ዋጋ የት እንደደረሰ ደግሞ ሁሉም ያውቃል። እጄ ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

«ልጄ፣» አልኩት፣ «እኔ ዳኛ ፊት ቆሜ፣ ምዬ፣ ዕዳ አልነበረም አልኩ። አሁን ብቀበልህ ዕዳ ነበር ማለት ነው። ያን ጊዜ ዋሽቼ ነበር ማለት ነው። ያች ሴትዮ እንኳ አልዋሸችም፣ ጠልታኝ።»

«ማን ያያል አባባ? ሦስታችን ብቻ ነን።»

ባለቤቴ ሳቀች። «አንተ ይህን ሰው አታውቀውም እንዴ?» አለችው። «ዛሬ ቢቀበልህ ነገ ለመጀመሪያ ለሚያገኘው ፖሊስ ይነግረዋል!»

ሰውየው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሲስቅ የዱሮው ቀጭኑ ልጅ ሆነ። ፖስታውን ወደ ኪሱ መልሶ ኮቱን አወለቀ፣ እጅጌውን ጠቀለለና «መሰላሉ የት ነው?» አለ። እኔ ከታች ሆኜ ሚስማር እያቀበልኩት፣ እሱ ከላይ ሆኖ እየመታ፣ ባለቤቴ ሁለታችንንም እየሰደበች፣ የአራተኛዋን ጣራ ምሳ ሳይደርስ ጨረስነው።